የሚቃጠለው አሮጌ ጎማ ለሶሌታችን ቢውልስ? ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልን ክቡራን ኃላፊዎች። የጎንደርን ሐምሌና ነሐሴ ለእናንተ አልነግርም፣ ፒያሳ ካሉት የጣሊያን ጊዜ ህንጻዎች ጀምሮ አሁን አዘዞና ማራኪ እስከሚሰሩት ጂ ፕላስ ምናምኖች ድረስ ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ያላፈሰሰበት ሰው እድለኛ ነው። ያው ባለቤቱ ካትራሜ (ውሃ እንዳያሳልፍ የሚቀባውን ሬንጅ) ገዝቶ ያስቀባል፣ በጋ ላይ ቀን ፀሀዩ ያለሰልሰዋል ሌሊት ብርዱ ያኮማትረዋል፣ ከዛ ይሰነጠቅና እንደገና ግዢ፣ ሬንጁ ደሞ በዶላር ነው የሚገባው።

መላ አለው እኮ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ አሪዞና ውስጥ ቻርልስ ማክዶናልድ የሚባል መሀንዲስ የተፈጨ አሮጌ ጎማ ከትኩስ ሬንጅ ጋር እያዋሀደ የተሰነጠቀ አስፋልት ይጠግን ነበር። ሬንጁ ወደ 180 ዲግሪ ሞቆ ከ15 በመቶ በላይ የጎማ ዱቄት ሲገባበት ጎማው የሬንጁን ቀላል ዘይት መጦ ያብጣል፣ ሲበርድም ሲሞቅም ይለጠጣል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። ለጣሪያም ይሰራል። እኛ ጋ ጎማ ወይ በረባሶ ይሆናል (እሱስ ይሁን) ወይ ሜዳ ላይ ተቃጥሎ ጭሱን እንስበዋለን።

ቆሻሻ የተባለ ሁሉ ሬንጅ ውስጥ ይግባ ግን አላልኩም። ካትራሜውን ለማቅጠን ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢጨመርበት ለጊዜው ያለሰልሰዋል እንጂ ቆይቶ ያሰነጥቀዋል፣ ይሄ ቁጥጥር ይፈልጋል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። የከተማው ውሃ የሚመጣበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ስንቱ ሰው የጣሪያ ውሃ በሮቶና በበርሜል እያጠራቀመ ነው የሚኖረው፣ ጎማ ውስጥ ደሞ ዚንክና ሌላም ኬሚካል አለ፣ ስለዚህ ላብራቶሪ ሳያየው ውሃ የሚጠራቀምበት ጣሪያ ላይ መቀባት የለበትም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፣ ውሃ የማይጠራቀምበት አንድ የመንግስት ህንጻ ምረጡና ግማሹን ሶሌታ በተለመደው ካትራሜ ግማሹን በጎማው አስቀቡት፣ ክረምቱን የዩኒቨርሲቲያችን ባለሙያዎች ይከታተሉት፣ ከጣሪያው የሚወርደውንም ውሃ ይመርምሩት። ከሰራ መፍጫ ማሽኑ ለአንድ ሰው ስለሚከብድ በማህበር ለተደራጁ ወጣቶች ብድር ይመቻች፣ ጎማ ሰብሳቢዎቹም እዛው እንጀራ ያገኛሉ። ብቻ ስራውን ሰኔ ላይ እንዳትጀምሩት፣ እርጥብ ሶሌታ ላይ የተቀባ ሬንጅ ይነፋፋል፣ ኅዳር ታህሳስ ላይ ሲደርቅ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣ የከተማው ነዋሪ