ሥራ ሞልቶ ካዝና ባዶ

እንዴት ነሽ እህቴ? መቼም ተቀይመሽኛል። መልእክቶችሽን ሁሉ አይቻለሁ፤ "ነገ እመልስላታለሁ" እያልኩ ዓመት አለፈኝ። ሰበብ አልደረድርም። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

ያፈርኩበትን ልንገርሽ። ስቱዲዮዋ ከኔ ጋር ስድስት ሰው ናት፤ አራት አርክቴክት፣ አንድ ድራፍትማንና እኔ። እኔ መስመር አልስልም፤ ውል፣ ሒሳብ፣ ደመወዝ፣ ቀጠሮ፣ የጠፋ ፋይል ፍለጋ ሁሉ የኔ ነው። አምና ሥራ ሞልቶ ነበር፣ ልጆቹ በየቀኑ ያመሹ ነበር፣ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን ካዝናው ባዶ። ደመወዝ ሁለት ጊዜ አዘገየሁ። ሥራ ያለው ቢሮ እንዴት ይከስራል? እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

በመጨረሻ ሁሉም ሰው ሰዓቱን በየፕሮጀክቱ እንዲመዘግብ አስገደድኩ። አቤት የወረደብኝ ቁጣ! "የፋብሪካ ሠራተኛ አደረግሽን እንዴ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቁጥጥር ይመስላል። ሦስት ወር ሲሞላ ግን አብረን ቁጭ ብለን አየነው። ለአንድ መኖሪያ ቤት የመነሻ ንድፍ 120 ሰዓት ብለን ዋጋ ቆርጠን ነበር፤ የበላው 290 ነው። "እስቲ ደረጃውን ወደዚህ አዙሩት"፣ "ባለቤቴ ኩሽናውን አልወደደችውም"፣ "መጀመሪያ ያሳያችሁን አይሻልም?" ደንበኛው እያለ ሰዓቱ አለቀ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። ስንት ማስተካከያ እንደሚካተት ውሉ ላይ አልጻፍንም፣ ስለዚህ ለሱ ሁሉም ነፃ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ደረጃ ሲዞር ደረጃ ብቻ አይደለም የሚዞረው፤ ምሰሶው ቦታውን ይለቃል፣ ቤቱን የሚሸከመው ስትራክቸር እንደገና ይሰላል፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩ ይዛወራል፣ ከዚያ ኢንጂነሮቹ ሒሳብ ይልኩልኛል። ደንበኛው ከፈለም አልከፈለም ለነሱ የምከፍለው እኔ ነኝ።

የሶፍትዌሩን ነገር ደግሞ ተዪው። የምንስልበትን አውቶካድን አንዴ ገዝቶ መገላገል እ.ኤ.አ. በ2016 ቀርቷል፤ ሥራ ኖረም አልኖረም ኪራዩ ይቆጥራል።

አሁን ውሉን ቀይሬዋለሁ። ቅድመ ክፍያ ሳይገባ እርሳስ አይነሳም። ከዚያ በየሥራው ምዕራፍ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ የሚጸድቀውም በፊርማ ነው፤ "በስልክ ነግሬያችሁ የለ" የሚባል ነገር የለም። ሁለት ማስተካከያ ተካቷል፣ ከዚያ በላይ በሰዓት ይታሰባል። የግንባታ ክትትሉን ደግሞ ከጠቅላላው ዋጋ አውጥቼ በወር አደረግኩት፤ በስምንት ወር ያልቃል የተባለ ቤት ሁለት ዓመት ሲጎተት ሳይት መመላለሱ ከኛ ኪስ ነበራ!

አንድ ደንበኛ አዲሱን ውል አይቶ ጥሎን ሄደ። ዋናው አርክቴክታችን "አንቺ ነሽ ያባረርሽው" ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ አልዋሽሽም። ከዚያ ወዲህ ግን ደመወዝ አልዘገየም።

ከመሥሪያ ቤት ለቀሽ የራስሽን ልትከፍቺ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ እውነት ነው? እዚያ እነዚህን ነገሮች ሌላ ሰው ያስብልሽ ነበር። ውል ከመፈረምሽ በፊት ደውዪልኝ፣ በሌሊትም ቢሆን።

የሰዓት መመዝገቢያ ሠንጠረዡን አያይዤልሻለሁ። የመጀመሪያውን መስመር ሞልቼዋለሁ፦ ደብዳቤ መጻፍ፣ 50 ደቂቃ። በደንበኛው ቦታ ያንቺን ስም አስገብቻለሁ።