ኦሃዮፓይልን አይቻት መጣሁ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የላክሽላትን ፎቶ ቤት ለመጣ ሰው ሁሉ ታሳያለች።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ባለፈው ማክሰኞ ፈቃድ ወስጄ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከተማ ኦሃዮፓይል ሄጄ ነበር። በክረምቱ ዕረፍት እዚያ ሰው በጎማ ጀልባ እያወረድሽ እንደምትሠሪ ስትነግሪኝ ዝም አልኩ እንጂ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስልኬን ከፍቼ ስለ ከተማዋ ስፈልግ መጀመሪያ ዓይኔ የገባው 38 የሚል ቁጥር ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበው ነዋሪ 38 ሰው ብቻ ነው። እኛ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ እንኳ ከዚያ የሚበልጥ ሰው አለ። «ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይደርስላታል?» ብዬ መኪናዬን አስነሳሁ።

በ68 ሀይዌይ ምዕራብ ሜሪላንድን ሽቅብ ወጣሁ። ከዚያ በአሮጌው 40 ቁጥር መንገድ ፔንሲልቬንያ ገባሁ። በ381 ስታጠፊ መንገዱ ይጠብባል፣ ጫካው ይመጣል፣ ስልክም ኔትወርክ ያጣል። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ነዳሁ። ከዚያ በድንገት ድልድይ፣ ወንዝና ጥቂት ቤቶች። በቃ፣ ከተማዋ ያቺው ናት። ስፋቷ ግማሽ ስኩዌር ማይል ገደማ ነው። መኪናዬን አቁሜ ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ዞርኳት፤ ላብ እንኳ አላላበኝም።

መጀመሪያ የሄድኩት ፏፏቴው ጋ ነው። ቁመቱ 6 ሜትር ቢሆን ነው። ጢስ ዓባይን እያየ ላደገ ሰው ትንሽ ነው ትይኛለሽ። ግን ወንዙ በሙሉ ስፋቱ ነው የሚወድቀው፣ ድምፁም ደረት ውስጥ ይገባል። የቦታው ስም ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከሌናፔዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ «በጣም ነጭ ይሆናል» ማለት ነው አሉኝ። እኛ ጢስ ያልነውን እነሱ ነጭ አሉት። ሁለቱም ሕዝብ ውሃው ዳር ቆሞ ያየውን ነው የተናገረው። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አባቴ እጄን ይዞ ጢስ ዓባይን ያሳየኝ ቀን ትዝ አለኝ።

ወንዙ ዮካጌኒ ይባላል፤ የአገሩ ሰው አሳጥሮ ዮክ ይለዋል። ከዌስት ቨርጂኒያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። ፒትስበርግ አጠገብ ሞኖንጋሂላ የሚባለውን ወንዝ ይቀላቀላል። ስለዚህ አንቺ የምትቀዝፊበት ውሃ ትንሽ ቆይቶ በምትማሪበት ከተማ መሃል ያልፋል። ኦሃዮፓይል ላይ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ፈረስ ኮቴ ይጠመዘዛል። በመሃሉ የታቀፈው መሬት ፈርንክሊፍ ይባላል፣ በደን የተሸፈነ ነው። የባቡር ሐዲድ የዘረጉት ሰዎች ጥምዝምዙን ከመከተል ሁለት ድልድይ ሠርተው አቋርጠውታል። ያ ሐዲድ ዛሬ የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ከፒትስበርግ ሜሪላንድ ውስጥ እስካለችው ከምበርላንድ 150 ማይል ነው። በከፍተኛው ድልድይ ላይ ቆሜ ታች ጀልባዎች ሲያልፉ አየሁ። ነገ አንዷ አንቺ ነሽ ብዬ ልቤ ፈራ።

ቆይ፣ ስለ ሰዉ ቁጥር ልንገርሽ። በ2000 ነዋሪዎቿ 77 ነበሩ፣ በ2010 ደግሞ 59። አሁን 38። ነገሩን ሳየው ግራ ገባኝ። መኪና ማቆሚያው ሞልቷል፣ አይስክሬም ለመግዛት ሰው ተሰልፏል፣ በየዓመቱም ከሚሊዮን በላይ ሰው ይመጣል ይላሉ። ታዲያ ነዋሪው የት ሄደ?

አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴትዮ በረንዳቸውን ሲጠርጉ አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው። ድሮ ባቡሩና እንጨቱ ሥራ ይሰጥ ነበር አሉኝ። ባቡር እዚህ የደረሰው በ1871 ነው፤ የፒትስበርግ ሰው ለሽርሽር መምጣት የጀመረውም በእሱ ነው። ዙሪያው ያለው የፌየት ካውንቲ ደግሞ በድንጋይ ከሰል ነበር የሚኖረው። በ1940 ካውንቲው ውስጥ 200 ሺህ ሰው ነበር፣ በ2020 ግን 129 ሺህ ገደማ ነው። ከሰሉ ሲቀዘቅዝ ወጣቱ ወጣ።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔ ይሄኛው ነው የገረመኝ። ከተማዋ በመንግሥት ፓርክ ተከባለች። ፓርኩ 20,500 ኤከር ነው። ደኑ እንዳይቆረጥ ብለው ከ1950ዎቹ ጀምሮ መሬቱን እየገዙ ጠበቁት። ጥሩ አደረጉ፣ ያ ባይሆን ኖሮ አንቺም የምትሠሪበት ወንዝ እንዲህ አያምርም ነበር። ግን ከተማዋ ወዴት ትስፋ? አዲስ ቤት የሚሠራበት መሬት የለም። ካሉት ቤቶችም ብዙዎቹ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ምልክት ተሰቅሎ አየሁ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ እንዲህ ያለችውን ትንሽ ከተማ ቦሮ ይሏታል፤ የራሷ ከንቲባና ምክር ቤት አላት። አስቢው፣ ከ38 ሰው መሃል ሕፃኑን ቀንሰሽ ማነው ለምክር ቤት የሚቀረው? ያም ሆኖ ሥራቸውን አልተዉም። ይሄን ሳስብ አከበርኳቸው።

ሴትዮዋ ማንን ፈልጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ልጄ እዚህ ልትሠራ ነው አልኳቸው። መጥረጊያቸውን አስደግፈው «ስሟ ማነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሁለት ሦስቴ ደጋገሙት፣ በትክክል እስኪጠሩት ድረስ። ልጄ፣ ያን ጊዜ ነው ጉልበቴ የተመለሰው። እንደደረስሽ ሄደሽ ሰላም በያቸው። ከድልድዩ ወዲህ ነጭ በረንዳ ያለው ቤት ነው።

አሁን ስለ ውሃው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1754 በዚህ ወንዝ በታንኳ ፈረንሳዮቹ ምሽግ ድረስ መውረድ ይቻል እንደሆነ ሊያይ መጥቶ ነበር። ፏፏቴውን ሲያይ ተመለሰ። ያኔ 22 ዓመቱ ነበር፣ ከአንቺ በአንድ ዓመት ይበልጣል። መመለስ ነውር አይደለም፤ ውሃው ከፍ ካለና ልብሽ እምቢ ካለ ለአለቃሽ ተናገሪ።

አንድ ልምድ ያለው ቀዛፊ አግኝቼ ጠይቄዋለሁ። ከፏፏቴው በታች ያለው ክፍል ሰባት ማይል ተኩል ያህል ነው፣ ድንጋይ የበዛበት። ከላይ ግድብ አለ፣ ውሃው ከግድቡ ሥር ስለሚለቀቅ በሐምሌም ይበርዳል። ከጀልባ ከወደቅሽ በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሪ። እግር ድንጋይ መሃል ይያዝና ውሃው ከላይ ይጫናል፤ ሰው የሚሞተው እንዲህ ነው አለኝ። በጀርባሽ ተንሳፍፈሽ፣ እግርሽን ወደ ፊት አንስተሽ ውረጂ። ይሄን ታውቂዋለሽ፣ አስተምረውሻል። ግን እኔም ካልጻፍኩት አላርፍም። ላይፍ ጃኬትሽን ደግሞ ለፎቶ ብለሽ እንኳ አትፍቺ።

እናትሽ ድርቆሽና በርበሬ አዘጋጅታለች፣ ሽሮም አለ። ወፍራም ካልሲም ጨምሬበታለሁ። የሐምሌ ሁለተኛው ቅዳሜ ሁላችንም እንመጣለን። ቀን ላይ ሰው ይበዛል፣ ስለዚህ ማለዳ እንደርሳለን። ፏፏቴው ጋ እንጠብቅሻለን።

አባትሽ