ለደብረ ሲናና ለደብረ ብርሃን ሰዎች፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ፒሲአር የተባለው የደም ምርመራዬ ውጤት መጥቷል። የያዘኝ የደም ካንሰር ምልክት በደሜ ውስጥ ሊታይ በማይችል ደረጃ ቀንሷል። ሐኪሜ «ድነሃል ማለት አይደለም፤ ክኒኑን እንዳታቋርጥ» ብለውኛል። ለእኔ ይህም ትልቅ ነገር ነው። ያለ እናንተ እዚህ አልደርስም ነበርና ላመሰግናችሁ ወደድሁ።

በሽታዬ ሲኤምኤል ይባላል፤ የደም ካንሰር ነው። በዓመት ከ100,000 ሰው አንድ ወይም ሁለት ሰው ቢይዝ ነው። መቅኔ ውስጥ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የያዙ ክሮች) ቁራጭ ይለዋወጡና ነጭ የደም ሴል ያለ ልክ ይራባል። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም። ይህን የምጽፈው አብራችሁኝ ለመብላት የሰጋችሁ ካላችሁ እንድታውቁት ነው።

ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ፣ ግራ ጎኔን ይወጥረኝ ነበር። ጣፊያዬ አብጦ ኖሯል። መጀመሪያ ታይፎይድ ነው ተብዬ ብዙ ክኒን ውጫለሁ። ደሜን ቆጥራ «ዛሬ ነገ ሳትል ጥቁር አንበሳ ሂድ» ያለችኝ የደብረ ብርሃኗ የላብራቶሪ ባለሙያ እህቴ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

መድኃኒቱ ኢማቲኒብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከመምጣቱ በፊት ይህ በሽታ ብዙ ዓመት አያኖርም ነበር። እኔ ጥቁር አንበሳ በእርዳታ ፕሮግራም በነፃ አገኘዋለሁ። ታዲያ ክኒኑ በየቀኑ መዋጥ አለበት፤ ሲቋረጥ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። እናንተም የረዳችሁኝ ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ እንዳይቋረጥብኝ አደረጋችሁ።

ኅዳር 2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ሲደርስ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ለልብስ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ባለቤቴ ግን ክኒኑን መቀነቷ ውስጥ ቋጥራው ኖሯል። የእኔ እመቤት፣ ሌሊት ባቴን ቁርጥማት ሲይዘው እያሸሽ ያነጋሽው ሁሉ አይረሳኝም። ሳያውቁን ቤታቸው የተቀበሉን እማማ ደግሞ «መድኃኒት በባዶ ሆድ አይሆንም» እያሉ በሶ ሳይበጠብጡልኝ ውለው አያውቁም። ራሳቸው በቂ እህል ሳይኖራቸው! እማማ፣ ብድርዎን እሱ ይክፈልልኝ።

ከዚያ ወዲህም መንገድ ሲዘጋ ክኒኔን ከአዲስ አበባ ተቀብለህ በኪስህ ይዘህ የመጣህልኝ የሚኒባስ ሹፌር ወንድሜ፣ አንድ ቀን እንኳ የመላኪያ አልተቀበልከኝም። ክፉ አይንካህ።

የንስሐ አባቴ ባይኖሩ ግን ክኒኑን ራሴ ባቋረጥኩት ነበር። ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ልገባ ስነሳ ብዙ ሰው «መድኃኒቱን ተወው» ብሎኛል። እሳቸው ናቸው «ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ክኒኑንም ዋጥ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» ያሉኝ። ክኒኑ ከምግብና ከብዙ ውሃ ጋር ስለሚዋጥ በጾም ወቅት ሰዓቱን ወደ ማታ አዞሩልኝ። አባቴ ይባርኩኝ።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ለቀጠሮ በሄድኩ ቁጥር ክፍለ ጊዜዬን ሸፈናችሁልኝ። በክኒኑ ምክንያት ዐይኔ አብጦ ስገባም አንዳችሁ አላሳቀቃችሁኝም። ያስተማርኳቸው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ሕመምተኛ ተብዬ ቤት ብቀመጥ ይህን ደስታ ከየት አገኘው ነበር?

በሰሜን ሸዋ ይኸው በሽታ ያለባችሁ፣ ወይም ልጃችሁ አሁን የተነገረው ካላችሁ፣ ትምህርት ቤት መጥታችሁ ጠይቁኝ። የጥቁር አንበሳን ወረፋ አውቀዋለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።

አክባሪያችሁ፣
የደብረ ሲናው መምህር