ፍቅር ያለው ሐይቅ ዳር ብቻ ነው እንዴ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሐዋሳ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮና ፎቶ በመሥራት ነው የምተዳደረው። እናንተም ሆናችሁ ሌሎች የኦንላይን ሚዲያዎች ፍቅርን የምታሳዩበት መንገድ ስላሳሰበኝ ነው የምጽፈው።

ቪዲዮው ሁሌም ያው ነው። ወጣት፣ ቆንጆ፣ ገንዘብ ያላቸው ጥንዶች። ሪዞርት፣ ፊኛ፣ ሻማ። እሱ ይንበረከካል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ ጓደኞቿ ይጮኻሉ። ደስታቸውን አልነቅፍም። ግን ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ፍቅር መምሰሉ እየቀረ ነው።

ደንበኞቼ ስልካቸውን አውጥተው "ልክ እንደዚህ" ይሉኛል። ለዲኮር ብቻ የሚጠየቁት ገንዘብ ለወራት ቤት ያከራያል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ ተስማምቶ ካለቀ በኋላ "ሰርፕራይዝ አላደረገልኝም" በሚል የተኳረፉ ልጆች አውቃለሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው እኮ ጠይቋል!

እዚህ ከተማ ካሜራ ሁሉ የሚሄደው ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን ብዙ ወጣቶች ይሠራሉ፣ አብዛኞቹም ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ናቸው። እነሱ አይፋቀሩም? ፈረቃ አልገጥም ብሏቸው እሁድ ብቻ የሚገናኙ፣ ለቤተሰብ ልከው በተረፈችው እቁብ የሚጥሉ ጥንዶችን ማን አቀረበ? በአንድ ጣሪያ ሥር ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ እየተናገሩ ልጅ ያሳደጉትንስ?

አካል ጉዳተኞች ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ዓይነ ስውር ባልና ሚስት ከቀረቡ መጀመሪያ የሚጠየቁት ስለ ችግራቸው ነው፣ ከሥር የባንክ ሂሳብ ቁጥር ይለጠፋል። እንዴት ተዋወቃችሁ፣ ማን ቀድሞ ተናገረ፣ በምን ትጣላላችሁ የሚላቸው የለም። የትዳር አጋራቸው ሞቶ በስድሳ ዓመታቸው ያገቡ እናትም "ጉድ" ተብለው ነው ርዕስ የሚሆኑት። በጣም ያሳዝነኛል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንኳ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ያውቃል። ፈርመው፣ ከምስክሮቻቸው ጋር ምሳ በልተው ቤታቸው የገቡ ጥንዶችን ግን ስክሪን ላይ አላይም።

ላይክ የሚያመጣው ያኛው ነው ትሉ ይሆናል። እኔ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራዋ አባትና እናት ጥግ ይዘው ሲጎራረሱ የቀረጽኩትን በፈቃዳቸው ለቅቄዋለሁ። ከሙሽሮቹ ቪዲዮ በላይ ታየ። ሰው ርቦታል ማለት ነው።

ስለዚህ ሐዋሳ ስትመጡ እሁድ ከሰዓት አድርጉት፣ ሠራተኞቹ እረፍት ላይ ናቸው። ታሪካቸውን በራሳቸው አንደበት ለመናገር ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎች አውቃለሁ፣ አገናኛችኋለሁ። ቀረጻውንም ያለ ክፍያ አብሬያችሁ እሠራለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ፣ ከሐዋሳ