የሞዴል ሥራ ክበባችን ዓመቱን በአንድ ዶንትለስ ላይ ጨረሰ

ሌሎች ክበባት ድራማና ችግኝ ሲያስቆጥሩ፣ የእኛ ክበብ ዘንድሮ የሠራው አንድ ሞዴል ብቻ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 26 ሴንቲ ሜትር ነው። ምንም ቅር አላለኝም።

አውሮፕላኑ ዳግላስ ኤስቢዲ ዶንትለስ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ያስነሳው ነበር። ሁለት ሰው ይዞ፣ ቁልቁል ተወርውሮ ቦምብ ይጥላል። ከእውነተኛው 48 ጊዜ የሚያንሰውን ተገጣጣሚ ሞዴል የአንድ አባላችን አጎት ከአሜሪካ ላኩልን። ጭቅጭቁ የጀመረው ሳጥኑ ላይ ነው። ግማሾቹ "የሰብሳቢ ዕቃ ነው፣ እንደታሸገ ይቀመጥ፣ ዋጋ ያወጣል" አሉ። ሐሰት አይደለም፤ ሰብሳቢዎች ያልተከፈተ ሳጥን ይወዳሉ። ግን ካርቶን እያዩ ዓመት መግፋት ምን ይባላል? ድምፅ ተሰጠ፣ ተከፈተ።

ጊዜያችንን የበላው የክንፉ የኋላ ጠርዝ ነው። እዚያ ያሉት ፍላፖች ወደ ላይና ወደ ታች ተከፍተው አውሮፕላኑን በአየር ላይ ፍሬን ይይዙለታል። ታዲያ እንደ ወንፊት የተበሱ ናቸው። ሞዴሉ ላይ እያንዳንዷ ቀዳዳ ሚሊ ሜትር ተኩል ብትሆን ነው። ቀለም ሲነካት ትደፈናለች። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሁሉንም በስፒል ጫፍ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። ማንንም አላስጠጋችም።

"ለምን ተበሱ?" የሚለው ጥያቄ ለፊዚክስ አስተማሪ የተገኘ ሲሳይ ነው። ዶንትለስ የሚወርደው በ70 ዲግሪ ገደማ ነው። ፍሬን ባይኖረው ፍጥነቱ ከልክ ያልፍና ቀና ማለት ያቅተዋል። ፍሬኑ ድፍን ቢሆን ደግሞ ከኋላው የሚተራመሰው አየር ጭራውን ይንጠዋል። ቀዳዳዎቹ ንጠቱን ያበርዱታል። እኛም ቬንትሌተር ፊት ካርቶን አቁመን፣ ከኋላው ክር አንጠልጥለን ሞከርነው። በድፍኑ ካርቶን ክሩ መያዣ መጨበጫ አጣ። በተበሳው ግን ረገብ አለ። መብራት ባይሄድ የቀዳዳዎቹን መጠን እየቀያየርን እንቀጥል ነበር።

ተለጣፊ ምልክቶቹ ላይ ሌላ ክርክር ተነሳ። ሁለት ዓይነት ኮከብ ነበር፤ አንዱ መሃሉ ላይ ቀይ ክብ አለው፣ ሌላው የለውም። ቀዩ ያምራል፣ ሁሉም እሱን ፈለገ። አንድ ዝምተኛ ልጅ ግን "የሚድዌዩን ከሆነ የምንሠራው ቀዩ አይሆንም" አለ። ሚድዌይ አሜሪካና ጃፓን በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያደረጉት የባሕር ውጊያ ነው። ልጁ ትክክል ነበር። አሜሪካኖቹ ከጃፓን ቀይ ፀሐይ ጋር እንዳይምታታ ቀዩን ክብ እ.ኤ.አ. በሜይ 1942 አስነሥተውታል። የሚድዌይ ውጊያ ደግሞ በጁን ነው።

ዋናው የውጊያ ቀን ጁን 4፣ በእኛ ግንቦት 27 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ ከገቡ ልክ ዓመት ከወር መሆኑ ነው። ጠዋት ኢንተርፕራይዝና ዮርክታውን ከተባሉ የአሜሪካ መርከቦች የተነሡ ዶንትለሶች በደቂቃዎች ውስጥ አካጊን፣ ካጋንና ሶርዩን በእሳት አነደዷቸው። ከሰዓት በኋላ ተራው የሂርዩ ሆነ። አራቱም የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚዎች ነበሩ፤ አራቱም ሰጠሙ። አሜሪካም በበኩሏ ዮርክታውንን አጣች።

በወላጆች ቀን አንድ አባት "ልጆቻችንን ጦር መሣሪያ ልታስወድዱ ነው እንዴ?" ብለው ያዙኝ። ጥያቄው አላስከፋኝም፤ እኔም ስብሰባ ላይ አንሥቼው ነበር። ልጆቹ ከሞዴሉ ሥር ያኖሩትን ጽሑፍ አሳየኋቸው። በውጊያው 3,000 ያህል ጃፓናውያንና 300 ያህል አሜሪካውያን እንደሞቱ ይናገራል። ይህን እንዲጽፉ ያዘዛቸው የለም። ሰውየው አንብበው "ይሁን፣ ለከርሞ ግን መንገደኛ የሚያሳፍር አውሮፕላን ሥሩ" አሉኝ።

ሐሳባቸውን ተቀብለናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በሲ-47 ነው። እሱም የዳግላስ ሥራ ነው። የከርሞው ሞዴላችን ይኸው ይሆናል፤ ተገጣጣሚውን የሚያስልክልን ዘመድ ያለው ቢያሳውቀን ደስ ይለናል። መመዝገብ የሚፈልግ ተማሪ መስከረም ላይ ፊዚክስ ላብራቶሪ ይምጣ። ወረንጦ ያለው ይዞ ቢመጣ አንጠላም፤ ያለን ሁለት ብቻ ነው።