ዕዳ ሰብሳቢ ቤት ገብቶ ዕቃ አይወስድም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት እንግሊዝ አገር ስላሉ ባለዕዳዎች ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ለንደን ያለው ሐበሻም በቴሌግራምና በዋትስአፕ ሲቀባበለው ነው የሰነበተው። ስለ ኑሮ ውድነቱ የጻፋችሁት እውነት ነው። ኪራዩም፣ መብራቱም፣ ጋዙም ወጥቷል፤ በዚህ አልከራከራችሁም። እኔን ብዕር ያስነሳኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ደብዳቤያቸውን ችላ ካሉ የዕዳ ሰብሳቢ ድርጅቱ ሠራተኞች ቤት ገብተው ዕቃ ይወስዳሉ» ብላችኋል።

ይህ ስሕተት ነው። ያውም ሰው የሚጎዳ ስሕተት ነው።

ዕዳ ሰብሳቢ ሌላ፣ ቤይሊፍ (የፍርድ ቤት ውሳኔ አስፈጻሚ) ሌላ። ዕዳ ሰብሳቢ ማለት ባንኩ ወይም የካርድ ድርጅቱ «አልከፍል አለኝ» ብሎ ጉዳዩን የሰጠው ወይም ዕዳውን የሸጠለት ድርጅት ነው። ሲገዛው ደግሞ ከዋናው ገንዘብ በጣም ባነሰ ዋጋ ነው የሚገዛው። ሥልጣኑ ደብዳቤ መጻፍ፣ ስልክ መደወል፣ ቢበዛ በር ማንኳኳት ነው። ቤት መግባት አይችልም። ከቤት አንዲት ማንኪያ ማንሳት አይችልም። «ሂዱልኝ» ካሉት መሄድ አለበት። ቤይሊፍ ግን ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ የሚመጣ ነው። በክሬዲት ካርድ ዕዳ የመጣ ቤይሊፍ እንኳ በመጀመሪያው ቀን በር ሰብሮ አይገባም።

ምናልባት ጸሐፊያችሁ ነገሩን ከካውንስል ታክስ፣ ማለትም ነዋሪው ለአካባቢው አስተዳደር ከሚከፍለው ግብር ጋር ቀላቅሎት ይሆናል። የካውንስል ታክስ ዕዳ እውነትም ፈጥኖ ቤይሊፍ ያመጣል። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ካውንስሉ ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዝ ማውጣት አለበት። ኪራይ፣ ካውንስል ታክስ፣ መብራትና ጋዝ ቀድመው የሚከፈሉ ዕዳዎች ናቸው፤ ካልተከፈሉ ቤት ያሳጣሉ፣ ጨለማ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ክሬዲት ካርድ፣ በዱቤ የተወሰደ የካታሎግ ዕቃ፣ የባንክ ብድር ከእነሱ በኋላ ናቸው። ዘገባችሁ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጨፍልቆ አስፈራራን።

ለምን እንዲህ እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። በጽዋ ማኅበራችን አንዲት እናት አሉ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስተው በሌሊት አውቶቡስ ቢሮ ሊያጸዱ የሚሄዱ ሴት ናቸው። የድሮ ክሬዲት ካርድ ዕዳ አለባቸው፤ ደብዳቤውም በየጊዜው ይመጣል። የናንተን ዘገባ ልጃቸው አነበበችላቸው። ሌሊቱን አልተኙም። በማግስቱ ለኪራይ ያስቀመጡትን 600 ፓውንድ አንስተው ለዕዳ ሰብሳቢው በስልክ ከፈሉ። «ልጄ፣ ሶፋዬን ሲያወጡት ጎረቤት እንዲያየኝ አልፈልግም» አሉኝ። አሁን የዚህ ወር ኪራይ ጎድሏቸዋል። ማንም ሊነካው የማይችለውን ሶፋ አተርፋለሁ ብለው ቤታቸውን አደጋ ላይ ጣሉት። ይህን ያደረገው የናንተ ዓረፍተ ነገር ነው። ዘገባው ላይ አንድ ባለሙያና አንድ የባንክ ሰው አናግራችኋል። አንድም ሐበሻ ባለዕዳ አላናገራችሁም። ለእኛ በእኛ ቋንቋ ስትጽፉ እኛን አንድ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይህን ያህል ከበዳችሁ?

ብትጠይቁኝ እኔ እነግራችሁ ነበር። በ2019 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የሥራ ሰዓቴ ከ40 ወደ 16 ወረደ። ክሬዲት ካርዴ ላይ 2,400 ፓውንድ ነበረብኝ። ሦስት ወር ሳልከፍል ስቀር ዕዳው ወደ ሰብሳቢ ድርጅት ሄደ። ድርጅቱ ማን እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ደብዳቤው ሲመጣ ሳልከፍተው ከማይክሮዌቩ ጀርባ እከተው ነበር። ስልኬ በማላውቀው ቁጥር ሲጠራ ሆዴ ይገለባበጣል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ አንድ ቀን ደብዳቤዎቹን አግኝታ «እማዬ፣ እስር ቤት ትገቢያለሽ እንዴ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ ያቺን ጥያቄ አልረሳኋትም። በክሬዲት ካርድ ዕዳ እስር ቤት የሚገባ ሰው እንደሌለ ያኔ ለእሷ መንገር አልቻልኩም፤ እኔም አላውቅም ነበርና።

ስደውልላቸው በወር 120 ፓውንድ ጠየቁኝ። «አልችልም» አልኩ። «ስንት ትችያለሽ?» ሳይለኝ ሠራተኛው ወጪዬን አንድ በአንድ ይመረምረኝ ጀመር። ለእናቴ ደሴ በወር 40 ፓውንድ እንደምልክ ስነግረው «እሱን አቁሚው» አለኝ። እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት። መድኃኒቷ ከዚያ ብር ነው። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እጄን ይዛ በነፃ ምክር ወደሚሰጠው ድርጅት፣ ወደ ሲትዝንስ አድቫይስ ወሰደችኝ።

ዘገባችሁ የረሳው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከዕዳ ሰብሳቢ ጋር መደራደር ይቻላል። የሚከፈለው እነሱ የጠየቁት ሳይሆን ሰው ከኑሮው የሚተርፈው ነው። አማካሪዋ ገቢዬንና ወጪዬን በአንድ ቅጽ ላይ አስጻፈችኝ። ኪራይ፣ ካውንስል ታክስ፣ መብራት፣ ምግብ፣ አውቶቡስ፣ የልጅ ልብስ። የእናቴን 40 ፓውንድም ሳልደብቅ፣ ምክንያቱን አጠገቡ ጽፌ አስገባሁት። ይህ ቅጽ በአገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ከ2017 ጀምሮ ይሠራበታል፤ ሰብሳቢዎቹም ያውቁታል። ተደምሮ ሲቀነስ በወር 15 ፓውንድ ተረፈኝ። በደብዳቤ «የምችለው 15 ነው፤ ማስረጃው ይኸው፤ ወለዱንና ተጨማሪ ክፍያውን አቁሙልኝ» ብዬ ላክሁ።

እምቢ አሉ። 60 ፓውንድ ካልሆነ አንቀበልም አሉ። አማካሪዋ አልደነገጠችም። «መጀመሪያ እምቢ ማለት ልማዳቸው ነው፤ 15ቱን መክፈል ጀምሪ፣ ያንኑ ቅጽ እንደገና ላኪ» አለችኝ። ላክሁ። ሁለት ወር ስከፍል ሦስተኛው ደብዳቤያቸው መጣ፤ ተቀብለዋል፣ ወለዱንም አቁመዋል። የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ ያው ወረቀት፣ ያው 15 ፓውንድ ነው።

እዚህ አገር ዕዳ ሰብሳቢ የፈለገውን የሚያደርግ ሽፍታ አይደለም። ከ2014 ጀምሮ የሚቆጣጠራቸው የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው። ደንቡ ሰውን ከአቅሙ በላይ እንዲከፍል ማስጨነቅን ይከለክላል። ከአማካሪ ጋር የክፍያ ዕቅድ እያዘጋጀ ያለ ሰው ጊዜ ሊሰጠው ይገባል ይላል። ይህንን ለሐበሻው ማሳወቅ አንድ አንቀጽ አይፈጅም ነበር።

ሌላም አለ። ከግንቦት 2021 ጀምሮ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ «ብሪዚንግ ስፔስ» የሚባል ነገር አለ። በዕዳ አማካሪ በኩል ይጠየቃል። ለ60 ቀን ወለድ ይቆማል፣ ስለ ክፍያ መጨቅጨቅም ይቆማል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው ተረጋግቶ ዕቅዱን ያወጣል። (ስኮትላንድ የራሷ ሕግ ስላላት እዚያ ያላችሁ እዚያው ጠይቁ።) ጨርሶ የሚተርፈው የሌለ፣ ንብረትም የሌለው ሰው ደግሞ ዴት ሪሊፍ ኦርደር የሚባለውን ዕዳ የሚያሰርዝ ትእዛዝ ማየት ይችላል፤ የ90 ፓውንዱ ማመልከቻ ክፍያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ቀርቷል። እነዚህ ሁሉ የሚገኙት በነፃ ነው። ሲትዝንስ አድቫይስ፣ ስቴፕቼንጅ፣ ናሽናል ዴትላይን የሚባሉት አማካሪ ድርጅቶች አንድ ፔኒ አያስከፍሉም። «ዕዳህን እናስቀንስልሃለን» እያሉ ከሚሰበስቡት ላይ ለራሳቸው የሚቆርጡም ስላሉ ሰው ከመፈረሙ በፊት ስለ ክፍያው ይጠይቅ። እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው ሲትዝንስ አድቫይስ ሲሄድ አስተርጓሚ ይጠይቅ። ልጁን ይዞ አይሂድ። ልጅ የእናቷን ዕዳ መተርጎም የለባትም።

«እንግዲያው ደብዳቤውን መጣል ይቻላል ማለትሽ ነው?» የሚለኝ ካለ፣ በፍጹም። ችላ ማለት ጉዳት አለው። ፍርድ ቤት ከመውሰዳቸው በፊት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይልካሉ፤ መልስ መስጫው 30 ቀን ነው። ክስ ተመሥርቶ የፍርድ ቤት ወረቀት ሲመጣ ደግሞ ጊዜው ያጥራል፤ በ14 ቀን ውስጥ መልስ ይፈልጋል። ያንን ወረቀት ማይክሮዌቭ ጀርባ መክተት ነው አደጋው። ግን እዚያም ቢሆን «በወር ይህን ያህል እችላለሁ» ብሎ መሙላት ይቻላል፤ ፍርድ ቤቱም በትንሽ በትንሹ እንዲከፈል ሊወስን ይችላል። ቤይሊፍ የሚመጣው ያ ውሳኔ ሳይከበር ሲቀር ነው። በደብዳቤውና በቤይሊፉ መሐል ብዙ በር አለ። ዘገባችሁ በሮቹን ሁሉ ዘግቶ ሰውን በቀጥታ ቤይሊፉ ፊት አቆመው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እሱም አናዶኛል። «የቆየ ዕዳ ካለብዎት ትንሽም ቢሆን ከፍለው ቅን ልቦናዎን ያሳዩ» ብላችኋል። ይህን ምክር ማን ሰጣችሁ? እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልተከፈለ፣ ባለዕዳውም «አለብኝ» ብሎ በጽሑፍ ያላመነው፣ ፍርድ ቤትም ያልሄደ የክሬዲት ካርድ ዕዳ አብዛኛውን ጊዜ በፍርድ ቤት ሊያስከፍሉት አይችሉም። ስድስቱ ዓመት ሳይሞላ ግን አንድ ፓውንድ ከከፈሉ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አንድ የማውቀው የሚኒካብ ሹፌር አምስት ዓመት ከምናምን ለቆየ ዕዳ በስልክ ተጨቅጭቆ 5 ፓውንድ ከፍሏል። ከመክፈሉ በፊት አማካሪ ቢጠይቅ ኖሮ አማራጩን አውቆ ይወስን ነበር። ዕዳው የእሱ መሆኑን እንኳ አላረጋገጠም። የውሉን ቅጂ አምጡ ብሎ መጠየቅ መብቱ ነበር፤ ክፍያው 1 ፓውንድ ብቻ ነው።

ከዕዳ መሸሽን አላበረታታም። የኔን ዕዳ በየወሩ ከፍያለሁ። ሥራዬ ሲሻሻል ራሴ 15ቱን ወደ 40 ከፍ አድርጌዋለሁ፤ በመጨረሻ ቀሪውን በቅናሽ ልዝጋው ብዬ ጠይቄ ተስማምተናል። ስምምነቱን ግን በጽሑፍ ሳልይዝ ብሩን አልላክሁም። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሰው ሲረጋጋ ይከፍላል፤ ሲፈራ ኪራዩን አንስቶ ይሰጣል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ማረሚያ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አንሷት፤ በቦታዋም ዕዳ ሰብሳቢ ቤት የመግባት ሥልጣን እንደሌለው ጻፉ። ማረሚያውን ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል አታውጡት። ዘገባው የወጣበት ቦታ ላይ፣ በዚያው መጠን ይውጣ። እኚያ እናት አሁንም በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣሉ። ልጃቸው ስልኳን ከፍታ ያንኑ ገጽ ልታነብላቸው ትችላለች። እኔም ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ሲትዝንስ አድቫይስ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ቀጠሮ ይዘናል፤ ስለ ኪራዩ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከለንደን