የጣሊያንኛ ክበብ፦ በጭብጨባ የቆጠርነው ዓመት

ክበባችን ዘንድሮ አንድ ነገር ላይ ነው የሠራው። የጣሊያንኛ ግሦችን በየቀለማቸው (አንድ ላይ በሚነገሩ የድምፅ ክፍሎቻቸው) መክፈልና ድምፅ የቱ ላይ እንደሚጫን መለየት። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ እንገናኝ ነበር።

መስከረም ላይ ልጆቹ ግሦቹን በፊደላችን ይጽፉ ነበር። «ይናገራሉ» በጣሊያንኛ «ፓርላኖ» ነው። አራት ሆሄ ስላለው አራት ቀለም ብለው ቆጠሩ። ሳድሷ «ር» ግን ብቻዋን ቀለም አትሆንም፤ «ፓ» ላይ ትደገፋለች። ፓር-ላ-ኖ፣ 3 ብቻ። ከዚያ ወዲህ በዓይን መቁጠር ትተን ማጨብጨብ ጀመርን። ጫናው ያለበት ላይ ስንደርስ ዴስኩን እንመታለን።

«ካፒስኮ» (ይገባኛል) ብዙ አከራከረን። የእኛ ጆሮ ካ-ፒስ-ኮ ነው የሚለው፤ «ጎሚስታ»ን ጎ-ሚስ-ታ እንደምንለው ማለት ነው። የጣሊያንኛ አጻጻፍ ግን «ስ»ን ወደሚቀጥለው ያሻግራታል፦ ካ-ፒ-ስኮ። ድርብ ተነባቢ ሲመጣ ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፦ ሜት-ቶ-ኖ (ያስቀምጣሉ)። ይህን ቶሎ ያዙት። «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙ እንደሚለያይ ማን ያጣዋል? እኛ መጥበቁን አንጽፈውም፣ እነሱ ይጽፉታል።

ዓመቱን የበላው ጫናው ነው። «ፓርሊያሞ» (እንናገራለን) እና «ፓርላቴ» (ትናገራላችሁ) ከመጨረሻው ሁለተኛው ቀለም ላይ ይጫናሉ። ልጆቹም በዚያው ለምደው «ፓርላኖ»ን «ላ» ላይ ይጫኑት ነበር። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት መውጫውን ያገኘችው። «እሱ» ሲሆን «ፓርላ»፣ «እነሱ» ሲሆን «ፓርላኖ»። «ኖ» ተቀጠለች እንጂ ጫናው ከ«ፓር» አልተነቃነቀም! «አቢታኖ» (ይኖራሉ) «አ» ላይ ቀረ። «ቴሌፎናኖ» (ይደውላሉ) 5 ቀለም አለው፤ ጫናው «ሌ» ላይ፣ ከኋላ ሲቆጠር 4ኛው ላይ ነው። ያን ቀን ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

እኔ በጣም የምወዳት «ካፒቶ»ን ነው። «ካ» ላይ ሲጫን «ድንገት ብቅ እላለሁ»፣ «ፒ» ላይ ሲጫን «ገባኝ» የምንልበት፣ «ቶ» ላይ ሲጫን «አጋጠመ»። ምልክት የግድ የሚጻፈው ለመጨረሻው ብቻ ነው። ሌሎቹን አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይለያል።

ለከርሞ በ«ኤሬ» የሚያልቁት ቀርተውናል። «ቬዴሬ» (ማየት) «ዴ» ላይ፣ «ክሬዴሬ» (ማመን) ግን «ክሬ» ላይ ይጫናሉ። እዚህ አንድ ሕግ አይበቃም፤ እያንዳንዱን ሰምቶ መያዝ ነው። ልጆቹ ደብተር ከፍተው መመዝገብ ጀምረዋል።